«ትልቅ» ብዬ የተረጎምሁት

ጋሼ ከካፖርታቸው ኪስ ሁለት ባዶ ቀለህ አውጥተው ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኅዳር ወር ውስጥ፣ አንድ እሑድ ነበር። ቡና ተጠርቼ እቤታቸው ሄጃለሁ። እሳቸው ከቅዳሴ በቀጥታ መምጣታቸው ስለ ነበር ነጠላቸው ገና ትከሻቸው ላይ ነው። ባለቤታቸው ቡናውን እየቆሉ ቀና ብለው አዩና «ደግሞ ይህን ከስኒ ጋር!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«መነጽርሽን አድርጊና ከታች በኩል እዪው» አሉኝ።

አየሁት። በቀለሁ መቀመጫ መካከል፣ መርፌው የሚመታት ትንሽ የብረት ቆብ አለች። ጠርዟ ድቡልቡልነቱን አጥቶ፣ በመዳፍ እንደ ተመታ ሊጥ ተለጥጣ ጉድጓዷን ሞልታዋለች። ጋሼ ከሌላው ኪሳቸው ሦስተኛ ቀለህ አወጡ። የዚያኛው ቆብ ጠርዙ ክብ፣ በዙሪያውም እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት ያለው ነበር።

«ጤነኛው እንዲህ ነው። እነዚህን ሁለቱን ግን ግፊት በዝቶባቸዋል። ሽጉጡ እጄ ላይ እንደ በቅሎ ፈነጨ፤ ቀለሁም ከወትሮው ርቆ ወደቀ። ሁለት ተኩሼ ተውሁት።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ባሩዱን ሁለት ጊዜ መዝኜዋለሁ። የተከተልሁት ያንቺን ወረቀት ነው» አሉ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቁጣ ቢኖርባቸው ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ ከአባቴ ጋር በአንድ ሰፈር ያደጉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርተዋል። ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ በቨርጂኒያ ቤታቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ ተከሉ። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የሚጫን መጭመቂያ፣ ሚዛን፣ መብራትና አምሳ ጉድጓድ ያለው የእንጨት ገበታ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄደው በ25 ያርድ ርቀት ላይ የተሰቀለ ወረቀት ይበሳሉ። ባዶ ቀለሁን አንድ በአንድ ለቅመው ይመለሱና ራሳቸው መልሰው ይሞሉታል። የናስ ቀለህ ከጥይት ክፍሎች ሁሉ ውዱ ነው፤ ሳይሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። በዚያ አገር ሕግ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ጥይት ቢሞላ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሊሸጠው ቢፈልግ ግን የአምራች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጋሼ ሊሸጡ ቀርቶ ለወዳጅ እንኳ አይሰጡም። «በሰው እጅ ውስጥ በሚፈነዳ ነገር ላይ ስሜን አልጽፍም» ይላሉ።

ዐሥር ዓመት ሙሉ የሠሩት በአንድ ቀመር ብቻ ነበር። የመለማመጃው ጓደኛቸው ያስተማራቸውን ቀመር በካርቶን ላይ ጽፈው ግድግዳው ላይ ቸንክረውታል፤ አንድ ዓይነት ለኳሽ፣ አንድ ዓይነት ባሩድ፣ አንድ ዓይነት አረር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጣ። አሜሪካውያን እንደ መጸዳጃ ወረቀቱ ሁሉ ጥይቱንም ከየመደርደሪያው ጠራርገው ወሰዱት፤ ለኳሽ ፈጽሞ ጠፋ፤ የተገኘ እንደ ሆነም ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆነ። ጋሼ የለመዱትን አጥተው የተገኘውን መግዛት ጀመሩ። የተገኘው ደግሞ ሌላ ነው። የመሙያ መጽሐፎቹ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ሕግ አለ፤ ከሦስቱ አንዱን ከለወጥህ የቀድሞው ልክህ ተሽሯል፤ ከዝቅተኛው መጠን ተነሥተህ በጥቂት በጥቂቱ እያየህ ውጣ ይላል።

«አንድ ወጥ ብቻ ስሠራ ኖሬ፣ በስተርጅና ቅመሙን ሁሉ ለውጥ ተባልሁ» አሉኝ በስልክ። መጽሐፉ በእጃቸው ነበር። እንግሊዝኛቸው ታክሲ ያስነዳል፣ ከፖሊስ ጋር ያከራክራል፣ የልጅ ልጅ ያጫውታል። «ሳነበው የገባኝ ይመስለኛል። በዚህ ነገር ግን የመሰለኝ አይበቃም» አሉ። ስለ ለኳሽ፣ ስለ ባሩድና ስለ አረር ክብደት አመራረጥ የሚያወሱትን ዐሥር ያህል ገጾች እንድተረጉምላቸው ለመኑኝ።

ደስ አላለኝም። ታላቅ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ በእናቴ ቤት ጥይት የሚለው ቃል አይነሣም ነበር፤ ፈጣን ልጅን «እንደ ጥይት» ማለት እንኳ ተከልክሎ ነበር። ለኑሮዬ የምተረጉመው የሆስፒታልና የፍርድ ቤት ነገር ነው። ይህንን ለጋሼ ነገርኋቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ፤ «ወንድምሽንም አውቀዋለሁ። ሌላ የማምነው ሰው ስለሌለኝ ነው።» ወደ አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን ከአውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሉኝ፣ የመጀመሪያ ካፖርቴን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። እሺ አልሁ።

የመጀመሪያው ችግር ራሱ ጥይት የሚለው ቃል ነበር። በአማርኛ ጥይት ሙሉው ዕቃ ነው፤ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረው ቁራጭም ጥይት ነው፤ ተተኩሶ መሬት የወደቀውን ባዶ ናስ ሳይቀር ጥይት የሚሉት አሉ። ይህ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አዋርዶኛል። አንድ ምስክር በፍርድ ቤት «መሬት ላይ ጥይት አየሁ» አለ። እኔም የሚበረውን ቁራጭ በሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል አስተላለፍሁት። ሰውየው ግን ያየው ባዶ ቀለህ ኖሯል። ጠበቃው ምስክሩ ቃሉን እንደ ለወጠ አድርጎ ሲያፋጥጠው፣ ያልለወጠ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ስሕተቱ የኔ መሆኑን ለዳኛው አስረድቼ ተስተካከለ፤ ላቡ ግን እስካሁን ይሰማኛል። በመሙያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የአረሩ ክብደትና የሙሉው ጥይት ርዝመት በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱንም «ጥይት» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የጎደለኝን ቃል ያገኘሁት በፊት ከነበረው አማርኛ ነው። አያቶቻችን ክፍሎቹን ለየብቻ በእጃቸው ይነኳቸው ስለ ነበር ለየብቻ ስም ነበራቸው፤ ባሩድ፣ አረር፣ ቀለህ። እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የያዙት የግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙ ራሱ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የተወለደ ነው። ዐድዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1896 ከኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር። ጥይቱ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ ቦታ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ ዞሯል። ገበያ ወጥቶ በጥይት ጨው መግዛት፣ መልሱንም በጥይት መቀበል ይቻል ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልደነቃቸውም። የአባታቸው አባት ጎጃም ውስጥ ተኩሰው የጣሉትን ቀለህ ሳያገኙ ከቦታው አይነሡም ነበር አሉ። ሳሩን በእጃቸው እየዳበሱ ይፈልጉት ነበር። «እኔም ይኸው መለማመጃ ሄጄ እንደሳቸው አጎንብሼ እለቅማለሁ» አሉና ሳቁ።

አረር የሚለውን ቃል ስጽፍላቸው ወዲያው ወደዱት። የአረሩን ዓይነት ስንለይ ግን ሌላ ጨዋታ መጣ። ከንጹሕ ማዕድን የተሠራው «የእርሳስ አረር» ነው፤ መዳብ የለበሰም አለ፤ በመዳብ የተነከረም አለ፤ የባሩዱ ልክ ለየራሱ ነው። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ሆነው እየሰሙን ኖሮ፣ «የእሷም መሣሪያ እርሳስ፣ የሱም መሣሪያ እርሳስ» አሉ።

ከዚያ የክብደት ነገር መጣ። አሜሪካኖች ባሩድንም አረርንም የሚመዝኑት ግሬይን በሚሉት መስፈሪያ ነው። ቃሉ የእህል ፍሬ ማለት ነው፤ ጥንት በገብስና በስንዴ ፍሬ ይመዘን ከነበረበት ጊዜ የቀረ ነው። አንድ ግሬይን 64.8 ሚሊግራም ያህል ይሆናል፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬይን ጥቂት ይበልጣል። መጀመሪያ ረቂቄ ላይ በአንድ ቦታ ግሬይን ማለት ሲገባኝ እጄ «ግራም» ብሎ ጽፎ ነበር። ጋሼ በቀይ እርሳስ አከበቡትና «ይህ ለሽጉጥ ነው ለውጅግራ?» ብለው በኅዳጉ ጻፉ። ቀልዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የግራ ጠመንጃ 25 ግራም የሚመዝን አረር በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይተኩስ ነበር። የጋሼ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የሚበቃው ባሩድ ግን የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ነው። በግራም የጻፍሁትን ያህል ቢያፈሱበት ቀለሁ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይበተን ነበር፤ ስለዚህ ስሕተቴ ራሷን ታጋልጣለች። ያስፈራኝ ራሷን የማታጋልጠው ናት።

እግረ መንገዴን በሥራዬ ሲያስገርመኝ የኖረ ነገር በዚሁ ሰበብ ተፈታልኝ። ለሕሙማን የአስፕሪን ልክ ስተረጉም ለምን 325 ሚሊግራም እንደ ሆነ፣ ለልብ የሚሰጠው ትንሹም ለምን 81 እንደ ሆነ ይደንቀኝ ነበር። ለካ የቀድሞ መድኃኒት ቀማሚዎች ይመዝኑ የነበረው በዚሁ በግሬይን ነው። ትልቋ ኪኒን 5 ግሬይን፣ ትንሿም የዚያ ሩብ መሆኗ ነው። ጋሼ በየማለዳው ትንሿን ይውጣሉ። «ባሩድ በጠዋት እየዋጥሁ ነው በለኛ!» አሉ ይህንን ስነግራቸው።

ባሩዱን በተመለከተ ሊያሳስተን የሞከረው «ፈጣን» የሚለው ቃል ነበር። መጽሐፉ ባሩዶችን ፈጣንና ዘገምተኛ እያለ በደረጃ ይዘረዝራቸዋል። በአማርኛ «ፈጣን ባሩድ» ሲባል የሰማ ሰው አረሩን የሚያፈጥነው ይህ ነው ብሎ ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፍጥነቱ የመንደድ ነው። ቶሎ የሚነደው ግፊቱን ባንድ አፍታ አውጥቶ ይጨርሳል፤ ጥቂቱ ይበቃል፤ ለቀላል ልምምድ ይመረጣል። ቀስ ብሎ የሚነደው አረሩን ርቀት ይዞ እየገፋ ይሸኘዋል፤ ትልቁ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ቢረዝምም «ቶሎ የሚነድ» እና «ቀስ ብሎ የሚነድ» ብለን ጻፍነው።

በዚህ ላይ ጋሼ ከመጽሐፉ በላይ አስተማሩኝ። ቶሎ የሚነደው ባሩድ የሚቆጥብ መስሎ የሚያጠምድ ነው። ልኩ ጥቂት ስለ ሆነ ከቀለሁ ታች ይተኛል፤ ሰው ሐሳቡ ተበትኖ በዚያው ቀለህ ላይ ሁለተኛ ቢጨምርበት ሳይፈስ ይገባል፤ ከላይ አረር ከተጫነበት በኋላ የሚያውቅ የለም። በጥቁር ባሩድ ዘመን ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ ጢም አድርጎ ሞልቶ መጫን ነበር ሥራው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ የሌለውን ባሩድ ከሠራ ወዲህ ግን ጥቂቱ ብዙ ኃይል ያዘ፤ በዓይን መስፈር ቀርቶ ሚዛን ግድ ሆነ። ጋሼ ቀለሁን በግማሽ ከፍ ብሎ የሚሞላ፣ እጥፍ ቢደረግ የሚፈስ ባሩድ ይመርጣሉ፤ ጥቂት ሳንቲም ቢያስወጣም። አምሳውን ቀለህ በገበታው ላይ ደርድረው አረር ከመጫናቸው በፊት በመብራት አንድ በአንድ ያዩታል፤ እንደ ሐኪም ጉሮሮ። እጥፍ የገባበትን ብቻ አይደለም የሚፈልጉት፤ ባዶ የቀረውንም ነው። ባሩድ በሌለበት ለኳሹ ብቻውን አረሩን እስከ ቱቦው መካከል ይገፋውና እዚያ ይወትፈዋል። ያን ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ሲተኩስ ቱቦው ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ ሬዲዮ የለም፤ ስልክ የለም፤ ባለቤታቸውም ቢጠሯቸው አይመልሱም።

የባሩዶቹን ስሞች እንዳሉ ተውኋቸው፤ ቡልስ አይ፣ ዩኒክ፣ ታይትግሩፕ። ከነዚህ መካከል አንድ ነገር ብቻ ደስ አሰኝቶኛል። ዊንቸስተር 231 እና ኤችፒ 38 የሚባሉት ሁለት ባሩዶች ስማቸው ቢለያይም አንድ ናቸው። ሃያ ዓመት ስተረጉም ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቃላት አጋጥመውኝ አያውቁም፤ ያገኘኋቸው በጣሳ ታሽገው ነው።

የአረር ክብደት ላይ እኔ ተሸንፌ ጋሼ ረቱ። ለ9 ሚሊሜትር በብዛት የሚገኙት 115፣ 124 እና 147 ግሬይን የሚመዝኑ ናቸው፤ በግራም ከ7.5 ትንሽ ዝቅ ከሚለው እስከ 9.5 ድረስ መሆኑ ነው። እኔ እንደ ጭነት አሰብሁት፤ ለከባዱ ጭነት ብዙ በቅሎ ያስፈልጋል ብዬ ከባዱ አረር ብዙ ባሩድ ይፈልጋል ማለቱ መሰለኝ። ተቃራኒው ነው። ከባዱ አረር ረጅም ስለ ሆነ ወደ ቀለሁ ጠልቆ ይገባል፤ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል፤ ለመንቀሳቀስም ዳተኛ ነው። ስለዚህ ባሩዱ ይቀነስለታል። ለቀላሉ አረር የተጻፈውን ልክ ለከባዱ የሚያደርግ ሰው ሽጉጡን ቦምብ አደረገው ማለት ነው። የ9 ሚሊሜትር ቀለህ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የሚፈቀድለት የግፊት ወሰን በአሜሪካኖቹ መለኪያ በአንድ ካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ሰፋ ያለው .45 ግን 21,000 ብቻ ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ትንሽ ጠብ ይበቃል። ጋሼ 147ቱን የሚወዱት የዝግታ አረር ስለ ሆነ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚበር የአየሩን ጩኸት አያመጣም፤ ምቱም ለሽማግሌ አንጓ እንደ መግፋት እንጂ እንደ መምታት አይሰማም ይላሉ።

አሁን ወደ ለኳሹ ልመለስ። እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት።

ለኳሽ ያልሁት ያችን ቆብ ነው። በውስጧ ሲመታ የሚቀጣጠል ጥቂት ቅመም አለ፤ በዛሬዎቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሌድ ስቲፍኔት የሚባለው ነው። ጋሼ በጥገና ክፍላቸው ካፕሱል ይሏት ነበር፤ በሩስኛም ስሟ ይኸው ነው። እኔ ካፕሱል በዛሬ አማርኛ የሚዋጥ መድኃኒት ሆኗል ብዬ ተከራከርሁና ለኳሽ አስባልኋት። የቀድሞዎቹ ቅመም ከተተኮሰ በኋላ ጨው ይተው ነበር፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ቱቦው ይዝጋል። «እኛ ማታ ማታ ጠመንጃውን በፈላ ውኃ ነበር የምናጥብ፤ ዘይት ብቻ የቀባ ወታደር ጠዋት ይቀጣ ነበር» ብለው ጋሼ አጫወቱኝ። ይህን ሁሉ በደስታ ሰማሁ። በዕውቀታቸው ተደስቼ የራሴን መፈተሽ ረሳሁ።

ለኳሽ በሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ስፋቱ ነው፤ ለ9 ሚሊሜትር ትንሹ፣ ለ.45 ብዙ ጊዜ ትልቁ ይገባል። ሁለተኛው ኃይሉ ነው፤ መደበኛ አለ፣ ቶሎ የማይቀጣጠለውን ባሩድ ለመለኮስ ነበልባሉ የበረታ ማግነም የሚባልም አለ። ስለዚህ ትንሽም ሆኖ ማግነም የሆነ ለኳሽ አለ ማለት ነው። ማግነም የላቲን ቃል ነው፤ ትልቅ ማለት ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ከተማርሁበት ጊዜ ጀምሮ የባዕድ ቃል እንዳለ መተው ስንፍና ነው የሚል ኩራት ነበረብኝ። ማግነምን ባየሁበት ሁሉ «ትልቅ» ብዬ ተረጎምሁት። በስፋቱ ትልቅ የሆነውንም «ትልቅ» ብዬው ነበር። የኔ ወረቀት እንዲህ አለ፦ በመደበኛ ለኳሽ የተዘጋጀ ልክ ላይ ትልቅ ለኳሽ አትተካ፤ ብትተካም ከዝቅተኛው ልክ እንደገና ጀምር።

ጋሼ አነበቡት። ትልቅ ለኳሽ በ9 ሚሊሜትር ቀለህ ውስጥ እንደማይገባ ሕፃንም ያውቃል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ለሌላ ሰው ነው ብለው አለፉት። በእጃቸው ያለው ሣጥን ላይ ማግነም የሚል ተጽፏል። «ካንቺ ወረቀት ላይ ማግነም የሚለውን ቃል ፈለግሁት» አሉኝ ያን እሑድ፤ «ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። የለም። የሚያሠጋ ነገር ቢሆን አንቺ ሳትጽፊው አትቀሪም ብዬ፣ የፋብሪካ ስም ነው አልሁ።» የቀድሞው ልካቸው ወደ ላይኛው ወሰን የተጠጋ ነበር። በእሱ ላይ ያን ለኳሽ አድርገው ዐሥር ሞሉ። ሁለቱን ተኮሱ። ስምንቱን እቤት ወስደው በመዶሻ መሰል መንቀያ እየመቱ አረሩን ከባሩዱ ለዩት።

ቡናው ቀዘቀዘ። ባለቤታቸው ሁለተኛውን አልቀዱም፤ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ነበር። ያን ወር አገር ቤት ጦርነት ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ሥዕሉን ያሳያል፤ እኔም ጠዋት ከእናቴ ጋር በስልክ ተላቅሼ ነው የመጣሁ። አፌ ካሰብሁት በላይ አለ፦ «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ይህንን ነገር እንዴት እጅዎ ይነካዋል?» ጥፋቴን በጥያቄ ልሸፍን መሆኑን እሳቸውም እኔም አውቀናል። ጋሼ ግን መለሱልኝ። «ወጣት ሳለሁ የጠገንሁት መሣሪያ የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ ማን እንደ ያዘው፣ በማን ላይ እንደ ተኮሰው። ይህችኛዋን አውቃታለሁ። እኔ እሞላታለሁ፣ ወረቀት ትበሳለች፣ ቀለህዋን ይዤ እመለሳለሁ።» ሌላ አልጨመሩም።

ያን ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ማቆሚያው ውስጥ እየተቀመጥን ወረቀቱን ከመጀመሪያው ሠራነው። አሠራራችን እንዲህ ነበር። እሳቸው የኔን አማርኛ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ እንግሊዝኛውን በጣቴ እከተላለሁ፤ ከዚያ ያነበቡትን ወረቀቱን ሳያዩ በራሳቸው ቃል ይነግሩኛል። የነገሩኝ ከእንግሊዝኛው ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ መንገድ ዐሥራ አንድ ቦታ አረምን። በሆስፒታል ለበሽተኛ ስለ መድኃኒት ስተረጉም ዛሬም ይህንኑ አደርጋለሁ፤ ገብቶኛል የሚለውን አልቀበልም፤ እስቲ ይንገሩኝ እላለሁ። ማግነም፣ ማግነም ሆኖ ቀረ። ለኳሽም ተሽሮ ካፕሱል ተመለሰ፤ እጃቸው የሚያውቀው እሱን ነውና።

ቁጥሮቹን ግን ከወረቀቱ አወጣኋቸው። የባሩድ ልክ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ የመጽሐፉን ገጽ ብቻ ጻፍሁ። ቁጥር ትርጉም አያስፈልገውም፤ ጋሼ ከራሱ ከመጽሐፉ ያነቡታል፤ መጽሐፉ ሲታደስ ወይም ባሩዱ ሲለወጥ አሮጌ ቁጥር በኔ እጅ ጽሑፍ አይቀርም። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ አልሸሸግሁትም። ወረቀት እግር አለው። ሁለት የመለማመጃ ጓደኞቻቸው ቅጂ ጠይቀዋል፤ ከሁለት ወደ አራት፣ ከዚያም ውቅያኖስ ተሻግሮ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል። በቋንቋችን ጥይት የወረቀት ዒላማ ብቻ እስኪሆን ድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀረናል። ጋሼ ተከራከሩኝ፤ እውቀትን መደበቅ አደጋን አይቀንስም፣ ባሩድን የሚፈራው የማያውቀው ነው አሉ። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ወረቀቱ ግን ያለ ቁጥር ነው ያለው።

በመጋቢት ከዝቅተኛው ልክ ተነሥተው በማግነሙ ካፕሱል አምስት ሞሉ። እኔም አብሬያቸው ሄድሁ፤ ጆሮዬን ሸፍኜ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ቆምሁ። ሲጨርሱ አምስቱንም ቀለህ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። መነጽሬን አደረግሁ። ጠርዞቹ ክብ ነበሩ።

ያልፈታነው አንድ ቃል ቀርቷል፤ ሄድስፔስ የሚሉት፣ ጥይቱ በቱቦው ጓዳ ውስጥ ተደግፎ የሚቆምበት ልክ። «የጭንቅላት ክፍተት» ብዬ ጽፌ ነበር። ጋሼ ጮክ ብለው ሲያነቡት ባለቤታቸው ከውስጥ «ያንተን ነው?» አሉ፤ ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ጋሼ ዓይናቸውን ጠርገው አንድ ቀለህ አነሡና አሳዩኝ፤ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ተደግፎ የሚቆመው በጭንቅላቱ ሳይሆን በቀለሁ አፍ ነው።  ቦታውን ባዶ ትተን በእርሳስ አከበብነው።